«ሞዴል» ስንት ነገር ነው? አብነት፣ አምሳያና መሞከሪያ በኪነ ሕንጻና በአኃዛዊ ፍብረካ

1. የጥያቄው መነሻ

«ሞዴል» የሚለው ውሰት ቃል በዛሬው አማርኛ ብዙ ሥራ ተጭኖበታል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ንብረት ሲገባ «ሞዴል 19»፣ ሲወጣ «ሞዴል 22» ይቆረጣል፤ እዚህ ላይ ቃሉ ቅጽ ማለት ነው። ተማሪ ሞዴል ፈተና ይወስዳል፤ የመኪና ዋጋ በሞዴሉ ይወሰናል፤ ከጎረቤቶቹ የተሻለ ያመረተ ገበሬ ሞዴል አርሶ አደር ይባላል፤ ልብስ ለብሶ የሚያሳየውም ሞዴል ነው።

አንድ ቃል ብዙ ፍች መያዙ በራሱ ጉድለት አይደለም። ዐውዱ ፍቹን እስከለየ ድረስ ቋንቋ በዚህ አይቸገርም። ጉድለት የሚሆነው ቃሉ በአንድ ዐውድ ውስጥ፣ እንዲያውም በአንድ ገጽ ላይ፣ የተለያዩ ነገሮችን መጥራት ሲጀምር ነው። ለዚህ ምስክር የሚሆን አንድ ጉዳይ እናቅርብ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በድሬዳዋ ለሚሠራ አንድ ሕንጻ የተዘጋጀ የሥራ ውል ከነትርጉሙ ለእርማት ደርሶን ነበር፤ የደረሰን ግን ክርክር ከተነሣ በኋላ ነው። ሕንጻው የከተማውን ሙቀት ለማብረድ ነፋስ የሚያሳልፉ ባለ ቀዳዳ ብሎኬቶች እንዲኖሩት ተነድፏል። የውሉ ዋና ቅጅ በኮምፒዩተር የተቀመጠውን ንድፍ፣ ለባለቤቱ ማሳያ በ1፡50 ምጥጥን የተሠራውን ትንሽ ሕንጻ፣ እንዲሁም የብሎኬቱ ፎርማ የሚወጣበትን የጄሶ ቅርጽ በሦስት ልዩ ልዩ ቃላት ይጠራቸዋል። ተርጓሚው ግን ሦስቱንም «ሞዴል» አላቸው። «ሥራው በሞዴሉ መሠረት ይከናወናል» የሚለውን አንቀጽ ያነበበው ሠሪ በጠረጴዛ ላይ ያየውን ትንሹን ሕንጻ ለክቶ፣ ልኩን በ50 አባዝቶ፣ ፎርማውን አበጀ። በማሳያው ላይ ደግሞ ቀዳዳዎቹ ከሩቅ እንዲታዩ ሲባል ከልካቸው ሰፋ ተደርገው ነበር። ብሎኬቱ ተሠርቶ ካለቀ በኋላ ተቀባይነት አጣ። ሠሪው «በሞዴሉ መሠረት ሠርቻለሁ» አለ፤ አሠሪው «በሞዴሉ መሠረት አልተሠራም» አለ። ሁለቱም የጠቀሱት አንድ አንቀጽ ነበር፤ ሁለቱም እውነት ነበራቸው። በመካከሉ ብሎኬቱን ያወጡት የቀን ሠራተኞች ሒሳባቸውን ሳያገኙ ሰነበቱ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚህ ዐውድ «ሞዴል» የተባሉት ነገሮች በምን እንደሚለያዩ መመርመር፣ የሚለዩበትን ጥያቄ ማመልከትና ለየራሳቸው ስያሜ ማቅረብ ነው።

2. «ትንሽ ምስል» የሚለው ፍች አለመብቃቱ

ብዙ ሰው ሞዴል ምን እንደሆነ ቢጠየቅ «የአንድ ትልቅ ነገር ትንሽ ምስል» ብሎ ይመልሳል። ፍቹ ለጠረጴዛ ማሳያ ይሠራል፤ ከዚያ ግን አያልፍም።

የአክሱምን ታላላቅ ሐውልቶች እንመልከት። ከታች በር፣ በየደረጃው መስኮት፣ በየወለሉ የእንጨት ሠረገላ ጫፍ ተቀርጾባቸዋል፤ ድንጋዩ የተሠራው በፎቅ ቤት አምሳል ነው። ዛሬ ተሰብሮ የወደቀው ትልቁ ሐውልት 33 ሜትር ያህል ሲሆን 13 ፎቆችን ያሳያል። ይህ የቤት ምስል መሆኑ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ትንሽ አይደለም፤ ሰው ሊኖርበት ከሚሠራው ቤት ይገዝፋል።

ሁለተኛው ማስረጃ ከብረት ቀረጻ ሙያ የሚገኝ ነው። የምድር ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ሲደርስ ከተማይቱ ከጣቢያውና ከጥገና ቤቱ ጋር ተወለደች። መለዋወጫ ሁሉ ከባሕር ማዶ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይቻል፣ ለእንዲህ ያለው ጥገና ቤት ዕቃን እዚያው አስመስሎ መሥራት የዘወትር ተግባር ነው። አንድን የብረት ዕቃ በማቅለጥ ለማውጣት አስቀድሞ ከእንጨት አምሳሉ ይጠረባል፤ እንጨቱ በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ሲወጣ ባዶ ቅርጹን ይተዋል፤ በዚያ ባዶ ቦታ የቀለጠ ብረት ይፈስበታል። ብረት ሲቀዘቅዝ ስለሚሸማቀቅ የእንጨቱ ቅርጽ ከሚፈለገው ዕቃ በጥቂቱ መብለጥ አለበት፤ ለብረት ፍስ ከ100 አንድ እጅ ያህል፣ ለአረብ ብረት ሁለት እጅ ያህል ይጨመርለታል። ስለዚህ ይህኛው «ሞዴል» ትንሽ አይደለም፤ በልኩም ከሚወጣው ዕቃ ጋር እኩል አይደለም፤ ሆን ተብሎ ይበልጣል።

የፈረንሳይኛ ተናጋሪዎች ይህን የእንጨት ቅርጽ «ሞዴል» ሲሉት፣ ለማሳያ የሚሠራውን ትንሽ ሕንጻ «ማኬት» ብለው ይለዩታል። ከባቡሩ ጋር «ለገሃር» እና «ፉርጎ» ወደ አማርኛ ሲገቡ ሁለቱ ቃላት ልዩነታቸውን ይዘው አብረው አልገቡም። ቆይቶ የእንግሊዝኛው አጠቃቀም ሲመጣ ሁለቱንም በአንድ ስም ጠቀለላቸው። ዛሬ ተርጓሚውን የሚያስቸግረው ይኸው ነው።

3. መለያው ጥያቄ

መጠን ካልለየ፣ ቁሳቁስም ካልለየ፣ የሚለየው ምንድን ነው? የምናቀርበው መለያ አንድ ቀላል ጥያቄ ነው፤ «ሁለቱ ባይገጥሙ የሚታረመው የቱ ነው?»

ጥያቄውን ለማስረዳት ድሬዳዋ ራስዋ ትበቃለች። ከደቻቱ ወንዝ በአንደኛው ወገን ያለችው ከዚራ በባቡሩ ዘመን አስቀድማ በወረቀት የተነደፈች ናት፤ ቀጥ ያሉት ጎዳናዎቿ የተቀየሱት ንድፉን ተከትለው ነው። በማዶ ያለችው መጋላ ግን በንግድና በኑሮ እያደገች፣ መንገዶቿ እንደ ሰዉ አካሄድ እየተጠማዘዙ የመጡ ናቸው፤ ካርታዋ የተነሣው ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን ብናያቸው ልዩነት የላቸውም፤ መስመር ናቸው። ይሁን እንጂ ከዚራ ስትቀየስ አንድ ጎዳና ከንድፉ ውጭ ቢዞር ኖሮ የሚቃናው ጎዳናው ነበር። የመጋላ ካርታ ከመንገዱ ባይገጥም ግን የሚታረመው ካርታው ነው። የመጀመሪያው ወረቀት ያዝዛል፤ ሁለተኛው ይከተላል።

የሚያዝዘውን «አብነት»፣ የሚከተለውን «አምሳያ» ብንለው የውሉ ክርክር ወዲያውኑ ይፈታል። በኮምፒዩተር ያለው ንድፍ አብነት ነው፤ የጄሶው ቅርጽም ለብሎኬቶቹ አብነት ነው፤ የጠረጴዛው ሕንጻ ግን አምሳያ ነበር። «ሥራው በአብነቱ መሠረት ይከናወናል» ቢባል ኖሮ ማንም ወደ ጠረጴዛው አይሄድም ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አብነትነትና አምሳያነት የዕቃው ባሕርይ አይደሉም፤ የሚሰጠው ሥራ ነው። የላሊበላ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ሥር በተቋቋመው የዛማኒ ፕሮጀክት በሌዘር ጨረር እየተለኩ ተመዝግበዋል። ይህ ምዝገባ አምሳያ ነው፤ ከዐለቱ ካልገጠመ ስሕተቱ የምዝገባው ነው። ነገር ግን ነገ አንድ ዓምድ ጉዳት ቢደርስበትና ጠጋኞች በምዝገባው ልክ እንዲመልሱት ቢታዘዙ፣ ያው ምዝገባ በዚያ ቀን አብነት ይሆናል። ስለሆነም በመዝገበ ቃላት ፍቹ ሲሰጥ «እንዲህ ያለ ዕቃ» ሳይሆን «እንዲህ ያለ ሥራ የተሰጠው» መባል አለበት።

4. «አብነት» ስለሚለው ቃል

«አብነት» ለዚህ ሥራ አዲስ የተፈጠረ ቃል አይደለም። የቃሉ አወቃቀር «አብ» ከሚለው ስምና «-ነት» ከሚለው ባዕድ መድረሻ ሲሆን፣ መነሻ ሐሳቡ አባትነት ነው። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት «አብነት» ተማሪው ድምፁንና ንባቡን የሚያስተካክልበት ነው፤ ዜማው ከመምህሩ ባይገጥም የሚታረመው ተማሪው ነው። ይህ ከላይ ያቀረብነው መለያ ራሱ ነው። በሌላ በኩል ቃሉ በባህላዊ ሕክምና የመድኃኒት ቅመማ መመሪያንም ያመለክታል፤ እዚያም ቢሆን የሚያዝዝ ነገር መሆኑ አልቀረም።

በድሬዳዋ ስለ ቃላት ስንጽፍ አንድ ታሪክ ሳይጠቀስ ሊያልፍ አይገባም። አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከኢየሩሳሌም ከተመለሱ በኋላ ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት በዚህች ከተማ ተቀምጠው ሠርተዋል፤ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድም በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት አብረዋቸው ነበሩ። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት፣ ኪዳነ ወልድ ያስፋፉት የግእዝ መዝገበ ቃላት በደስታ እጅ ተፈጽሞ በ1948 ዓ.ም. ታተመ። ከመምህር ወደ ተማሪ ሦስት ትውልድ የተላለፈው ይህ ሥራ የአብነትን ትርጉም ከማንኛውም ፍች ይልቅ ያስረዳል።

አማርኛ ስለዚህ ጉዳይ ሌላም ጥንታዊ ዕውቀት አለው። ቅኔ የሚፈታበት «ሰምና ወርቅ» የተወሰደው ከአንጥረኛ ሥራ ነው። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ በጭቃ ይመርገዋል፤ በእሳት ሲሞቅ ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ በተወው ባዶ ቦታ ወርቁ ይፈስበታል። ሰሙ አብነት ነው፤ ነገር ግን ልጁን ሲወልድ የሚሞት አብነት ነው። ተዳሳሽ ቅርጽ ለዕቃ መወለድ ያለውን ድርሻ የቅኔ መምህራን ከጥንት ጀምሮ በዚህ ስም ሲጠሩት ኖረዋል።

5. አኃዛዊ ፍብረካ የለወጠው

«ፋብሪካ» ከጣሊያንኛ ገብቶ አማርኛ እንደ ባለ አራት ፊደል ግስ አርብቶታል፤ ፈበረከ፣ ይፈበርካል፣ ፈብራኪ፣ ፍብረካ። «ወሬ ፈበረከ» ሲባል መጥፎ ጥላ ቢኖረውም፣ በኢንዱስትሪ አነጋገር «ፍብረካ» ተለምዷል። «ዲጂታል» ለሚለው «አኃዛዊ» ይስማማል፤ የነገሩ ፍሬ ቅርጹ በቁጥር ተጽፎ መሣሪያውን በቀጥታ ማዘዙ ነውና። እንግዲህ «አኃዛዊ ፍብረካ» ማለት በኮምፒዩተር በቁጥር የተጻፈ አብነት ያለ ሰው እጅ አማካይነት ቁስ የሚያወጣበት አሠራር ነው።

የዚህ አሠራር ጅማሬ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም በ1952 እ.ኤ.አ. ለዕይታ የቀረበው፣ በተበሳ ወረቀት ላይ በሰፈሩ ቁጥሮች የሚታዘዝ የፍሬሳ ማሽን ነው። የእኛ ሙያተኞች ቶርኖና ፍሬሳ የሚሉትን መሣሪያ ከሰው እጅ ወደ ቁጥር አሸጋገረው። ሁለተኛው እርምጃ በ1986 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዊው ቻርልስ ሀል የተሰጠው የፈጠራ መብት ነው፤ ፈሳሽ ሙጫን በብርሃን ስስ በስስ እያጠነከረ ቅርጽ የሚያወጣ መሣሪያ ነበር። ዛሬ በከተሞቻችን የብረት በር የሚሠሩ ሙያተኞች በማሽን የተቀረጸውን «የሲኤንሲ በር» ይሉታል፤ ደንበኛውም በዚሁ ስም ይጠይቃል። ሕዝብ የምሕጻረ ቃሉን ፍች ሳይጠይቅ ስም አድርጎ ወስዶታል።

ሁለቱ አሠራሮች በአማርኛ ግሦች በደንብ ይለያሉ። እየቀነሰ የሚሠራው ይጠርባል፤ ላሊበላም የተሠራው በጠረባ ነው። እየጨመረ የሚሠራው ያነባብራል፤ እንጀራን ከእንጀራ ላይ ደርበን «አነባበሮ» እንደምንለው። ስለዚህ የመጀመሪያውን «የጠረባ ፍብረካ»፣ ሁለተኛውን «የማነባበር ፍብረካ» ማለት ይቻላል። በጋዜጦች «ባለ ሦስት አውታረ መጠን ማተሚያ» የሚለው አጠራር የእንግሊዝኛውን ቃል ተከትሎ የመጣ ነው። «አተመ» ግን በግእዙ ማኅተም ከማሳረፍ የመነጨ ግስ ነው፤ በቅዱስ አልዓዛር ማተሚያ ቤት እንደነበረው የእርሳስ ፊደል አብነቱ ወረቀቱን ይጫናል፣ ያርፍበታል። የሚያነባብረው መሣሪያ ምንም ነገር አይጫንም። ስለዚህ «አነባባሪ» የተሻለ ነው እንላለን።

አሁን ወደ ዋናው ነጥብ እንመለስ። ግንበኛ ንድፍን ሲቀበል ያነብበዋል፤ በር ከደረጃ ጋር ሲጋጭ ቢያገኝ ይጠይቃል፤ ጥቃቅን ስሕተት ሲሆን ዝም ብሎ ያቃናዋል። በአብነቱና በቤቱ መካከል አንድ የሚያስብ ሰው አለ። መሣሪያ ግን አይተረጉምም። በአብነቱ ያለው ስሕተት ሳይጎድል ወደ ብረቱና ወደ እንጨቱ ይተላለፋል። ቀድሞ በሰው እጅ የተካፈለው ሥልጣን በሙሉ ወደ አኃዛዊው አብነት ተጠቃለለ። ስለዚህ የትኛው ፋይል አብነት እንደሆነ፣ የትኛው ለማሳያ ብቻ እንደተዘጋጀ በጽሑፍ መለየት ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ የግድ ነው።

6. ሦስተኛው ሥራ፦ መሞከሪያ

አብነቱ በቁጥር ከተጻፈ ተዳሳሹ ቅርጽ ሥራ ፈትቷልን? አልፈታም፤ ሥራው ተለውጧል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር በሚገኘው የኢትዮጵያ የኪነ ሕንጻ፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ግቢ በ2003 ዓ.ም. አካባቢ ከዙሪክ የቴክኖሎጂ ተቋም ጋር በመተባበር አንድ ባለ ፎቅ የአፈር ቤት ተሠርቷል። የታችኛው ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር፣ ወለሉን የተሸከመው ቅስት ከስስ የአፈር ጡቦች ነው። ይህ ቤት ሙሉ ልክ ስለሆነ ትንሽ ምስል አይደለም፤ ለሌላ ቤት ማሳያም ብቻ አይደለም። የተሠራው ንድፉና አሠራሩ በአገሩ አፈርና በአገሩ ሠራተኛ እጅ ይሆን እንደሆነ ለመጠየቅ ነው። መለያ ጥያቄያችንን ብናቀርብለት መልሱ አዲስ ይሆናል፤ ቤቱ ቢሰነጠቅ የሚታረመው ንድፉ ነው። አብነቱን የሚያርም ነገር «መሞከሪያ» ይባል።

ሁሉም መሞከሪያ ግን ሁሉን ነገር አይመረምርም። ጋሊሌዎ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፣ አንድ ነገር በልኩ አሥር እጅ ሲያንስ የተሸካሚው ስፋት መቶ እጅ፣ ክብደቱ ግን ሺህ እጅ ያንሳል። ስለዚህ በጠረጴዛ ላይ የቆመ ምሰሶ በሙሉ ልኩ ሊሰበር ይችላል። በአንጻሩ የግንብ ቅስት መቆም በአብዛኛው የቅርጽ ጉዳይ በመሆኑ በትንሽ መሞከሪያ ሊመረመር ይችላል። ተርጓሚ ይህን ካላወቀ «መሞከሪያው ቆሟል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር «ሕንጻው ይቆማል» ብሎ እስከ መተርጎም ሊሳሳት ይችላል።

ሦስቱ ሥራዎች በአንድ ሕንጻ ታሪክ ውስጥ ሲፈራረቁ ለማየት በባርሴሎና ያለው የሳግራዳ ፋሚሊያ ቤተ ክርስቲያን ይጠቅማል። አንቶኒ ጋውዲ ሐሳቡን በጄሶ ቅርጾች እየመረመረ ይሠራ ነበር፤ እነዚህ መሞከሪያዎች ነበሩ። እሱ ከሞተ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1936 እ.ኤ.አ.፣ ሥራ ቤቱ ተቃጥሎ ንድፎቹ ጠፉ፤ ጄሶዎቹም ተሰባበሩ። ተከታዮቹ ስብርባሪውን ሰብስበው ገጣጠሙ፤ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ስብርባሪው አብነት ሆነ። ከጊዜ በኋላ ሒሳቡ ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ አብነትነቱ ወደ ቁጥሩ ተሻገረ፤ በአነባባሪ መሣሪያ የሚወጡት አዳዲስ ቅርጾች እንደገና መሞከሪያዎች ሆኑ። ያው የጄሶ ክምር ስሙ የተለወጠው ሥራው ስለተለወጠ ነው።

7. የቀረቡ ስያሜዎች

ከላይ በተሰጠው ማብራሪያ መሠረት ለመዝገበ ቃላት የሚከተሉት ፍቾች ቀርበዋል።

አብነት፦ ሥራ እንዲከተለው የታዘዘ ንድፍ ወይም ቅርጽ፤ ሥራው ከእርሱ ባይገጥም ሥራው የሚታረምለት።

አምሳያ፦ ያለን ወይም የታሰበን ነገር ለማሳየት የተሠራ፤ ከሚያሳየው ነገር ባይገጥም ራሱ የሚታረም።

መሞከሪያ፦ አብነትን ለመመርመር የተሠራ፤ ጉድለት ቢገኝበት አብነቱ የሚታረምበት።

ናሙና፦ ከሥራው ወይም ከቁሱ ተቆንጥሮ የቀረበ ክፍል፤ ምስል ሳይሆን የነገሩ አካል የሆነ።

ፎርማ፦ ቁስ የሚፈስበት ወይም የሚጠቀጠቅበት ባዶ ቅርጽ። ቃሉ በብሎኬት ሠሪዎች ዘንድ ስለተለመደ አይለወጥም።

አኃዛዊ እና ተዳሳሽ፦ አብነት፣ አምሳያና መሞከሪያ እንደ ሁኔታው ሁለቱንም ቅጽሎች ይቀበላሉ። «ረቂቅ» እና «ግዙፍ» የሚለው የሊቃውንት ጥንድ በሐሳቡ የተስማማ ነበር፤ ይሁንና «ረቂቅ» ዛሬ ያልጸደቀ ጽሑፍን፣ «ግዙፍ» ደግሞ እጅግ ትልቅን ስለሚያመለክት «ግዙፍ አምሳያ» ያለው ሰው ትልቅ ማሳያ ይሠራለታል። በዚህም ምክንያት «ተዳሳሽ» ተመርጧል።

«ሞዴል» የሚለውን ቃል ከሰው አፍ ማስወጣት አይቻልም፤ አስፈላጊም አይደለም። የባለሙያ ጭውውት ዐይን ለዐይን እየተያየ የሚካሄድ ስለሆነ ጣት የጠቆመበት ይበቃል። ውል፣ የጨረታ ሰነድና የማስተማሪያ መጽሐፍ ግን ጣት የላቸውም። ተርጓሚ በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ «ሞዴል» ብሎ ሊጽፍ ብዕሩን ሲያነሣ፣ ባይገጥሙ የሚታረመው የቱ እንደሆነ አስቀድሞ ራሱን ይጠይቅ። መልሱን ካወቀ ስያሜውን አግኝቷል። መልሱን ካላወቀ ግን የሚያስፈልገው ሌላ ቃል ሳይሆን ወደ ጽሑፉ ባለቤት ሄዶ መጠየቅ ነው።

አንድ ማሳሰቢያ እንጨምር። ብረት ቀላጮች፣ እንጨት ጠራቢዎች፣ አንጥረኞችና ግንበኞች ለእነዚህ ነገሮች የየራሳቸው ስም አላቸው፤ አብዛኛውም በጽሑፍ አልሰፈረም። አሮጌው የባቡር መሥመር ሥራውን ለአዲሱ በኤሌክትሪክ ለሚሄደው ባቡር ለቅቋል፤ በጥገና ቤቶቹ ያደጉት ሙያተኞችም በዕድሜ እየገፉ ነው። ከእነርሱ የሚሰማ አንድ የሥራ ቃል እኛ እዚህ ካቀረብነው የተሻለ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። እንዲህ ያለ ቃል የሚያውቁ አንባብያን ከነአገባቡና ከተሰማበት ሥራ ቤት ጋር ለዚህ መጽሔት ዝግጅት ክፍል ቢልኩልን በምስጋና ተቀብለን ፍቾቹን በዚያ መሠረት እናርማለን።